የበለስ ደም

ባለፈው ነሐሴ ከወልድያ ወደ ቆቦ ስንሄድ ሚኒባሱ ሮቢት ላይ ቆመ። በለስ ሻጭ ልጆች መስኮቱን ወረሩት። ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ገዝቶ ሲልጥ አንዷ ከእጁ አመለጠችና ቀሚሴ ላይ ፈነዳች። ውስጧ ደማቅ ቀይ ነበር። ሰውዬው «አውፍ በይኝ እህቴ፣ በአላህ አውፍ በይኝ» እያለ በመሐረቡ ሲጠርግልኝ እኔ በሳቅ ፈረስኩ።

«ምን ያስቅሻል?» አለኝ ግራ ገብቶት።

«ደም ሸተተኝ» አልኩት።

ወደ መስኮቱ ጥግት አለ። ቆቦ እስክንገባ አላናገረኝም።

ምን ላድርግ፣ እውነቴን ነው። ለእኔ ደም የሚሸተው በለስ በለስ ነው፤ ጣፋጭ፣ ትንሽ ጎምዘዝ ያለ፣ ፀሐይ የመታው ሣር ዓይነት። አምስተኛ ክፍልን ጨርሼ ስድስተኛን በምጠብቅበት ክረምት፣ በደርግ ጊዜ፣ ቆቦ ውስጥ ደም አዘጋጅ እኔ ነበርኩ። ሥራዬ ነበር፤ ኮርቼበታለሁም።

ሥራውን የሰጠኝ መምህር አንተነህ ነው። ከጎጃም ተመድቦ ከመጣ ዓመት ያልሞላው፣ ቀጭን፣ መነጽሩ ሁልጊዜ አፍንጫው ጫፍ ላይ የሚንሸራተት ሰው ነበር። ሙቀታችንን አልቻለውም፤ ቀኑን ሙሉ በደብተር ራሱን ሲያራግብ ይውላል። ቀበሌው ለአብዮት በዓል ቴአትር አዘጋጅ አለው። እሱ ደግሞ ኮሌጅ እያለ ያነበበው የፈረንጅ ትራጀዲ በልቡ ተቀምጦ ኖሯል። የደራሲውን ስም ነግሮን ነበር፤ አፋችን ላይ አልዞር ቢለን ተውነው። በቴአትሩ አንድ ንጉሥ በገዛ ወንድሙ ይገደላል፤ ከዚያ በኋላ ደሙ መጋረጃ በተከፈተ ቁጥር ብቅ ይላል፤ አንዴ ደጃፍ ላይ፣ አንዴ ውኃ ውስጥ፣ አንዴ ልብስ ላይ። መምህር አንተነህ ንጉሡንም ወንድሙንም እምብዛም አይወድም ነበር፤ የሚወደው ያንን ደም ነበር።

«ደሙን ተከተሉ!» ይለናል ደብተሩን እያወናጨፈ። «ደሙ ዝም ብሎ ደም አይደለም። ምልክት ነው!»

እኛ አገር ምልክት ማለት ግመል ጭን ላይ በጋለ ብረት የሚተኮሰው ነው፤ የአፋር ግመል ከእኛ ግመል የሚለየው በእሱ ነው። ስለዚህ ደሙ ሟቹ የማን ወገን እንደሆነ የሚያሳውቅ መስሎኝ፣ እጄን አውጥቼ «ጋሼ፣ ታዲያ የንጉሡ ደም ከሌላው በምን ይለያል?» ብዬ ጠየቅሁት። መነጽሩን አወለቀ። ግሩም ጥያቄ ነው አለና ብዙ ደቂቃ አብራራልኝ፤ አንዱም አልገባኝም። በዚያው የደሙን ሥራ ለእኔ ሰጠኝ።

መጀመሪያ በርበሬ በዘይት በጠበጥኩ። ሟቹን የሚጫወተው ልብስ ሰፊው አበበ ዓይኑ ገባበትና ቀኑን ሙሉ ሲያለቅስ ዋለ፤ የልብስ ስፌት መኪናው ላይ ተቀምጦም ያለቅስ ነበር አሉ። ቀጥሎ ከትምህርት ቤት ቀይ ቀለም ተሰጠኝ። ያማ ጭራሽ አልለቅ አለ፤ አበበ ለዘመድ ሠርግ ሄዶ ሰው ሁሉ «አንገትህን ምን ነካህ?» እያለ አስቸገረው። በመጨረሻ በለስ ላይ ደረስኩ። ውስጧ ነጭና ቢጫ የሆነችውን ትቼ ቀዩዋን ብቻ እለቅማለሁ፤ ጨምቄ፣ በነጠላ ጫፍ አጥልዬ፣ ትንሽ ዱቄት ጣል አደርግበታለሁ፣ እንዲወፍር። እሾኋ ጣቴን ወጥሮት ነበር፤ ግን ደሙን ብታዩት! መምህር አንተነህ ሲያየው «ይሄ ነው» አለ።

ሁሉ ነገር ሲያምር የቀበሌው የቅስቀሳ ኃላፊ ልምምድ ሊያይ መጣ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እስከ ንጉሡ ሞት ታገሠ። ከዚያ ተነሣ።

«አንተ ጓድ መምህር፣ ንጉሥ ሞተ ብለህ ሕዝብ ልታስለቅስ ነው?»

«ጓድ፣ ትራጀዲ ስለሆነ ነው…»

«ስንት ተሠርቶ የወረደውን ንጉሥ መድረክ ላይ አውጥተህ ታስለቅስለታለህ? ሟቹን ጭቁን ገበሬ አድርገው፤ ያኔ አብረን እናለቅሳለን።»

ወጥቶ ሄደ። መምህር አንተነህ ራሱን ይዞ ጥቂት ከተቀመጠ በኋላ ወደ እኛ ዞረ። «እሺ፣ ገበሬ ይሁን። እናንተ አገር ሁለት ገበሬ ወንድማማች በምን ይጣላሉ?»

ሁሉም ባንድ አፍ «በጎርፍ!» አሉ።

እኔና ዘሐራ ብቻ ዝም አልን።

ዘሐራ የጋሼ ይመር ልጅ ናት። ጎርፉ ደግሞ እንዲህ ነው፦ ክረምት ላይ ተራራው ላይ ሲዘንብ፣ ደረቁ ወንዝ ድንገት እያጓራ ይወርዳል። ገበሬው በግንድና በአፈር ጠልፎ ወደ ማሽላው ይመራዋል፤ የላይኛው ማሳ ሲጠግብ ለታችኛው ይለቀቃል። የላዩ ማሳ የይመር፣ የታቹ የአባቴ ታናሽ ወንድም የአጎቴ የእንድሪስ ነበር። እኔ ገና ሕፃን ሳለሁ እንድሪስ «ጠግቧል» ብሎ ውኃውን ከፈተ፤ ይመር «አልጠገበም» ብሎ በአካፋ እጀታ ግንባሩን ፈነከተው። እንድሪስ ተረፈ፤ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ይዞ ቀረ። በሁለቱ ቤት መካከል ግን ደም ገባ።

ደም የገባበት ቤት ከደመኛው ቤት እሳት አይጭርም፣ ውኃ አይጠጣም፣ ሰላም አይባባልም። መንገድ ላይ ከተገናኙ አንዱ ይሻገራል። ሊታረቁ ደግሞ የመታው ወገን ቀድሞ ሽማግሌ መላክ አለበት። ይመር «ውኃዬን የሰረቀው እሱ ነው፣ እሱ ይላክ» አለ። አባቴ ሰይድ «የወንድሜ ደም ሜዳ ላይ ፈሶ እኛ እንላክ?» አለ። እንድሪስ ራሱ ጨዋታ ወዳድ፣ ሳቂታ ሰው ነበር፤ ቢተውት ያን ጊዜውኑ ይታረቅ ነበር። ግን ፈሪ እንዳይባል ዝም አለ። በዚህ ላይ ዓመታት ሄዱ።

እኔና ዘሐራ ክፍል ውስጥ እንኳ ራቅ ራቅ ብለን ነበር የምንቀመጠው። መምህር አንተነህ ይህን ከየት ይወቅ! ዓይናችሁ ይመሳሰላል ብሎ የሟቹ ገበሬ ልጆች፣ እህትማማቾች አደረገን። ማንም አልነገረው፤ እኛማ ጭራሽ! በዚያ ክረምት በተዘጋ ትምህርት ቤት ውስጥ በመንግሥት ትእዛዝ እህትማማች ሆንን። ጠጉሬን ትሠራልኛለች፣ እሾሁን ከጣቴ በጥርሷ ትነቅልልኛለች፣ ስንለያይ ጥግ ድረስ አብረን ሄደን በተለያየ መንገድ እንገባለን። ቤት «ደም እየሠራሁ ነው» እላለሁ፤ እናቴ «አስተግፊሩላህ» ብላ ትተወኛለች። ከዘሐራ ጋር መሆኔን ከቤት ማንም አልጠረጠረም።

አንድ ቀን በለስ እየጨመቅን «ከበዓሉ በኋላስ?» አለችኝ።

«ምን ከበዓሉ በኋላ?»

«ሰው ሁሉ ያየናል እኮ። አባትሽም፣ አባቴም። ከዚያ በኋላ ማን ያገናኘናል?»

እጄ ላይ ያለው ሁሉ ፈሰሰ። እስከዚያ ቀን ድረስ አስቤው አላውቅም ነበር። ከሷ መለየት ማለት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝና እንባዬ መጣ። እሷ ደግሞ እኔ ሳለቅስ አይታ አለቀሰች። አበበ ከስፌት ሲመጣ ሁለታችንም በበለስ ተለቅልቀን ስንነፋረቅ አገኘንና «ልጆች፣ እኔ እኮ ገና አልሞትኩም» አለን።

በዓሉ ደረሰ። የቀበሌው አዳራሽ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው እሳት ነበር፤ ሰው ግን መስኮት ላይ ሁሉ ተሰቅሏል። ከፊት አባ ዳውድ ተቀምጠዋል። አባ ዳውድ ደም አድራቂ ናቸው፤ በአካባቢው ሰው ሲጋደል ሸኾቹንና ቄሶቹን አስከትለው መሐል የሚገቡት፣ ሁለቱን ወገን አስታርቀው ደም የሚያቆሙት እሳቸው ናቸው። በግራ በኩል አባቴና እንድሪስ። በቀኝ በኩል፣ ከኋላ በሩ አጠገብ፣ ጋሼ ይመር።

መጋረጃው ተከፈተ። ድንጋይ ደርድረን የጎርፍ መጥለፊያ ሠርተናል። ገዳዩን የሚጫወተው ጎበዙ ጌታቸው የቴአትር ወንድሙን በአካፋ መታ፤ አበበ በበለስ ተነክሮ ወደቀ። ሴቶቹ «ውይ!» አሉ። እኔና ዘሐራ እየጮኽን ወጣን። ከአዳራሹ አንድ የማጉረምረም ድምፅ ተሰማኝ፤ እኛን ማወቃቸው ነው። ወደ አባቴ ማየት ፈራሁ።

ደሙ ሥራውን ሠራ። ውኃ ልንቀዳ ስንሄድ ቦዩ ውስጥ ታየ፤ የገዳዩ ጋቢ ላይ ታየ፤ እጁ ላይ ታየ። መምህር አንተነህ ከመጋረጃው ጀርባ ቡጢውን ጨብጦ ይዘላል። ችግሩ፣ ሬሳው እስከ መጨረሻው እዚያው መሬት ላይ ይቆያል፤ በዚያ ሙቀት ደግሞ በለስን ታውቃላችሁ፤ ንቦች በመስኮት ገቡ።

«ከዱ!» አለ ሬሳው ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ። ስሜ ከድጃ ነው። «ከዱ፣ ንብ! በናትሽ!»

ምን ላድርግ? ነጠላዬን አውልቄ አጠገቡ ተንበርክኬ ማባረር ጀመርኩ። ዘሐራም በሌላው በኩል ተንበረከከች። ቴአትሩ ላይ የሌለ ነገር ነው። አዳራሹ ግን ወላጅ አልባ የሆኑ ልጆች የአባታቸውን ሬሳ ከዝንብ ሲከላከሉ ነው ያየው። «ውይ የኔ ምስኪኖች! ዓይናችሁ ይጥፋ እናንተ ውኃ ወዳዶች!» አለች አንዲት ሴት። ልቅሶው ተቀጣጠለ። የቅስቀሳ ኃላፊው ሳይቀር አፍንጫውን ሲጠርግ አየሁት።

በመጨረሻው ክፍል በቴአትሩ ወንድማችን የሆነው ልጅ ጩቤ መዞ ገዳይ አጎቱን ሊወጋ ተነሣ። «ደም በደም!» ብሎ እጁን ሲያነሣ፣ ከፊት ወንበር አባ ዳውድ በትራቸውን ተመርኩዘው ብድግ አሉ። መድረኩ ላይ ወጡና በጩቤውና በገዳዩ መሐል ቁጭ አሉ። ሁለት ሽማግሌዎች ተከትለዋቸው ወጥተው ተቀመጡ።

መምህር አንተነህ ሮጦ ወጣ። «አባባ፣ ይቅርታ፣ ቴአትር ነው እኮ!»

«ቴአትር መሆኑን አውቃለሁ ልጄ፤ አልጃጀሁም። ግን እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ሁለተኛ ደም ሲፈስ ዝም አልኩ ቢባል ነገ ማን ይሰማኛል?»

«ትራጀዲ እንዲህ አያልቅም አባባ!»

«እንዴት ነው የሚያልቀው?»

«ሁሉም ይሞታሉ።»

«ሁሉም?» አሉ አባ ዳውድ ደንግጠው። «ማን ይቀብራቸዋል ታዲያ?»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። አባ ዳውድ ግን አልሳቁም። ወደ ጌታቸው ዞረው «አንተ ገዳይ፣ እንደ ደንቡ አድርግ» አሉት። ደንቡ ገዳይ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ይቅርታ መለመን ነው። ጌታቸው መምህሩን አየ፣ አባ ዳውድን አየ። ከዚያ ከመጥለፊያው አንድ ትልቅ ድንጋይ አንሥቶ ማጅራቱ ላይ አደረገና ተንበረከከ። አባ ዳውድን ማን እምቢ ይላል!

«የሟች ወገን?» አሉ ሽማግሌው። እኔንና ዘሐራን ጠሩን። ደም ሲደርቅ የተበዳዩ ወገን ማንነቱ በአደባባይ መታወቅ አለበት፤ ስለዚህ እንደ ልማዳቸው «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ።

ቴአትሩን ረሳሁት። ሽማግሌ የማን ልጅ ነሽ ሲል የአባት ስም ነው የሚነገረው፤ ከሕፃንነታችን የተማርነው ይህን ነው። ቀጥ ብዬ ቆሜ «የሰይድ» አልኩ።

«አንቺስ?»

«የይመር» አለች ዘሐራ።

ንቦቹ ብቻ ይሰማሉ። ያን ጊዜ ነው ያደረግነው ነገር የገባን። ዘሐራ እጄን ያዘችኝ፤ እጇ ተጣብቋል፣ ሙሉ በለስ ነው። እኔ በልቤ በቃ አለቀ፣ ዛሬ የመጨረሻችን ነው አልኩ። አባ ዳውድ የተያያዘውን እጃችንን ረጅም ጊዜ አዩት።

«እህትማማች ነን ስትሉ አልነበረም እንዴ?» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ወደ አዳራሹ ዞሩ። «ለበለስ ደም ተነሥቼ እዚህ ወጣሁ። ለእውነተኛው ስንት ዓመት ተቀምጬ ኖርኩ!»

በግራ በኩል ወንበር ተንቋቋ፤ አጎቴ እንድሪስ ነው።

«አባ ዳውድ፣ ደሙ የእኔ ነው» አለ። «የወንድሜን ልጅ አታስጨንቋት። እኔን ጠይቁኝ።» ወደ መድረኩ ወጣ፤ ጠባሳው በላብ ያበራል። ሲያልፍ አባቴ ጋቢውን ሊይዝ እጁን ዘረጋ፤ አልደረሰበትም።

ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። ጋሼ ይመር የሚወጣ መሰለን፤ በሩ እኮ አጠገቡ ነው። አልወጣም። በሰው መሐል ቀስ እያለ መጣ፣ መድረኩ ላይ ወጣ፣ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ከጌታቸው ማጅራት ላይ አነሣው። «አምጣ ልጄ፤ ይሄ የኔ ሸክም ነው» አለና በራሱ ማጅራት ላይ አድርጎ እንድሪስ ፊት ተንበረከከ።

እንድሪስ ድንጋዩን በሁለት እጁ አንሥቶ ወረወረው፤ ወርውሮ ሲያበቃ ይመርን ከመሬት አነሣው። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ተቃቅፈው እንደ ሕፃን ሲንሰቀሰቁ ያን ጊዜ ነው ያየሁት። እልልታው ቆርቆሮውን ሊያነሣው ደረሰ።

በዚህ መሐል ከመሬት «እኔስ? ልነሣ ወይስ እንደሞትኩ ልቅር?» የሚል ድምፅ መጣ። አበበ ነው። ንብ ከንፈሩን ነድፋው ሌላ ሰው መስሏል። ያለቀሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ።

የቅስቀሳ ኃላፊው ተነሥቶ ስለ መደብ ትግል ትንሽ ተናገረ፤ የሰማው የለም። መምህር አንተነህ የመድረኩ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ መነጽሩን በሸሚዙ ይጠርጋል። ሄጄ «ጋሼ፣ ተበላሸ አይደል?» አልኩት። «ሙሉ በሙሉ» አለኝ፤ እየሳቀ ነበር፣ ዓይኑ ግን ርጥብ ነው።

አባቴ ግን መድረክ አልወጣም። ከዚያ በኋላ እንድሪስን አልከለከለም፣ ለይመርም እጁን አልሰጠ። ወደ ቤት ስንሄድ ከፊት ከፊት ሄደ፤ አንድ ቃል አልተናገረም። እናቴ «እንዴት ሳትነግሪኝ!» ብላ ጆሮዬን ቆነጠጠችኝ፤ ቁንጥጫው ብዙም አያምም። ያስጨነቀኝ የአባቴ ዝምታ ነው። ሁለቱ ሰዎች ቢታረቁም ቤታችን የአባቴ ነው፤ እሱ ካልፈቀደ ዘሐራ ለእኔ እንደ በፊቱ የደመኛ ልጅ ናት። ስተኛ ስለ እሷ ዱዓ አደረግሁ።

ጠዋት ደጃፍ እጠርጋለሁ። አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ የአካፋውን እጀታ ያጠብቃል። ከመንገዱ ማዶ፣ ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ፣ አንድ ሰው ጮኸ።

«ከዱ! አንቺ ከዱ!»

ዘሐራ ናት። በሕይወቷ በደጃችን ስሜን ጠርታ አታውቅም። እናቴ ከውስጥ ብቅ አለች፣ አባቴን አይታ ቆመች። እኔ መጥረጊያዬን እንደያዝኩ መሬት መሬት አያለሁ።

አባቴ ቀና ሳይል እጀታውን አንድ ጊዜ መታ፣ ደገመ።

«አትሰሚም እንዴ?» አለኝ። «ጓደኛሽ እየጠራችሽ ነው።»